ገጽ ስከፍት

አላፑዛ ላይ ሰኔ ሲገባ፣ ሰማዩ ቂም ይቋጥራል፤
ከቦዩ ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው፣ አባቴ ቫርኪ ይቀመጣል፤
የተሰበረ የዣንጥላ አጥንት በቀጭን ሽቦ ይጠግናል።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው።
እጁን ከተማው ያውቀዋል፤
ስሙን ግን ማን ይጠራዋል?

እኔ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ኮሌጅ ሦስተኛ ፎቅ እማራለሁ፤
«ማኅበራዊ ሚዲያ ለሙያ» የሚል ኮርስ ዘንድሮ ይዣለሁ።
እናቴ ሰምታ ሳቀች፦ «ስልክ መነካካት ይከፈልበታል?
ከስልክ የሚያላቅቅ ቢገኝ፣ ለሱስ አምባሬም ይሸጣል!»

እውነቷን ነው። መነካካቱን ከልጅነቴ ጀምሬያለሁ፤
አውራ ጣቴን ፈረስ አርጌ መድረሻ ሳልይዝ እጋልባለሁ።
እኔ የምሻው ልጓሙን ነው፦
መቼ እንደሚነገር ማወቅ፣ መቼ በዝምታ እንደሚታለፍ፤
የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ፣ ሳይለማመጡ፣ ሳይዘልፉ መጻፍ፤
ሰው ሁሉ በሚጮህበት ገበያ ድምፅን ዝቅ አርጎ መሰማት፤
የቁጥሩን ዓምድ እያነበቡ ከኋላው ያለውን ሰው ማየት።

ስመረቅ፣ እላለሁ ለራሴ፣ የመስታወት ፎቅ ባልገባም፣
ጎረቤታችን አሌያማ አለች፤ የኮኮናት ቃጫ ምንጣፏን ከሰፈር ውጭ ያየው የለም፤
ጀልባ ቀቢው ኩንጁሞን አለ፤ ቀለሙን ከውኃው በቀር ያደነቀለት የለም ማንም።
አፋቸውን ሳልቀማቸው አፍ ልሆናቸው እሻለሁ፤
ይህ በስንተኛው ምዕራፍ እንዳለ ማውጫ ሳገላብጥ አመሻለሁ።

መምህርት ሶሳማ «ገጽ ክፈቱ» ስትለን፣ ፊቴን ዳሰስኩ ሳላስበው።
የመጀመሪያው የቤት ሥራ፦ «በመቶ ሃምሳ ፊደል ልክ
ማን እንደሆናችሁ ጻፉ፤ ሳይዋሽ፣ ሳይንዛዛ፣ ሳይሰበክ።»
ጻፍኩ፦ «ባለ ራእይ።» ሰረዝኩ።
«ለውጥ ናፋቂ።» ሰረዝኩ።
«የዲጂታል ስልት አዋቂ።» በዚህስ ብቻዬን ሳቅኩ።
ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ጣሪያው ከዝናቡ ሲያወራ፣
ይህ ተረፈ፦ «ሊጂና። የዣንጥላ ጠጋኝ ልጅ። ገና ተማሪ። ስለ ጥላ የማወራ።»

ከዚያ የአባቴን እጅ ቀረጽኩ። ፊቱን እንቢ አለኝ፦
«ሥራውን የሚያውቀው እጄ ነው፤ ፊቴ ምን ሊረዳ?» ሲል መለሰልኝ።
ከሥሩ ሁለት መስመር ለማኖር ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፦
«ይህን ያመጣች ሴትዮ አምና ሰኔ ጥላ ሄደች፤
ጥላዋ እኛ ዘንድ ቀረች፤ እሷስ በየት ዝናብ መጣች?»

ለጠፍኩት።
አሥራ አንድ ሰው ወደደው። ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ከዱባይ፤
አንዷ እኔው በሌላ ስሜ (ሶሳማ ይህን አትይ)።
አንዱ ደግሞ፦ «አዲሱ ሁለት መቶ ሩፒ! ምን ቂል ነው የሚያስጠግን?»
አምስት ስድብ ጽፌ አጠፋሁ፤ ስድስተኛው ጥያቄ ሆነ፦
«እጀታው የእናትዎ ቢሆንስ፣ ያን ጊዜም ይጥሉታል?»
ሦስት ነጥብ ብልጭ አለ። ጠፋ።
እስከ ንጋት ጠበቅኩት።

አባቴ በማግስቱ ጠየቀ፦ «ተከታይ ያልሽኝ እነማን ናቸው?
ለቀብር ነው ወይስ ለሠርግ፣ ወዴት ነው የምትወስጃቸው?»
ደብተሬን ገልጬ ፈለግኩ፤ «ተደራሽነት» ይላል፣ «ተሳትፎ»፤
የሠንጠረዥ መስመር አለ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ ቁልቁል አርፎ፤
ወዴት እንደምወስዳቸው ግን የነገረኝ የለም ጽፎ።

ዛሬ ሰኞ፣ ፈተና አለ። ቦዩ ሞልቷል፤ ጀልባው ዘግይቷል።
የሴትዮዋ ዣንጥላ፣ ቡናማው፣ ከምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።
አባቴ አወረደው፣ ከፈተው፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤
«ይዘሽው ሂጂ» አለኝ፤ «ሰው ያየዋል» ሲል መለሰ።
ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፤
በሰው ጥላ ሥር ወጣሁ፤
የሚያየኝን ሁሉ እያየሁ።