አንድ በጋ ይበቃዋል

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ በረዶው ሲፈታ፣
ሥራ ይበዛብኛል ከጠዋት እስከ ማታ።
ከሚያርቪ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጠባቧ ጋራዤ ፊት
መኪና ይሰለፋል እንደ ወፍጮ ቤት።
«ገና ይጥላል» ይላሉ ዘንድሮም እንደ ልማድ፤
አንዳንዱ ይምላል፣ «በሰኔም ጥሏል አንድ
ዓመት» ብሎ። እኛ ፊንላንዶች በረዶን አናምነውም፣
ቢሄድም፣ ቢመጣም።

ችንካሩን ያልፈታ የክረምት ጎማ
ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ከሩቅ ሲሰማ፣
ጥርሱን በእንቅልፉ የሚያፋጭ ሰው ይመስላል፤
ጆሮዬ ከዓይኔ ፊት ደንበኛ ይቆጥራል።

ሄልካ ቀስ ብላ መጣች፣ ዳር ዳሩን ይዛ፣
አራት የበጋ ጎማ ከኋላ አግዛ።
እያንዳንዱ ጎማ በድንች ከረጢት
ታስሮ፣ በሲባጎ፣ በወግ፣ በሥርዓት።
«ታይስቶ ነው» አለች «እንዲህ የሚያስረው።»
ያለፈው ጥር ነበር ታይስቶን የቀበርነው፤
መሬቱ እንደ ብረት በብርድ ጠንክሮ፣
በእሳት ተለስልሶ፣ ቀን ሙሉ ተቆፍሮ።

ክሪኩን አስገባሁ፣ መኪናዋ ተነሳች፤
ሄልካ ጓንቷን አውልቃ አጠገቤ ቆመች።
ሲባጎውን ፈታሁ። በመጀመሪያው ላይ
በነጭ ጠመኔ፣ ጉልህ ሆኖ ሲታይ፣
«የግራ፣ የፊት» ይላል፤ ቀጣዩ «የፊት፣ የቀኝ»፤
ዘመም ያለ ጽሕፈት፤ ድሮ ሂሳብ ሲያስኮርጀኝ
የማውቀው። ሦስተኛው «የኋላ» ነው የሚለው።
አራተኛው ግን ሌላ ቃል አለው፦

«አንድ በጋ ይበቃዋል።»

ዝም አልን።
ከጣሪያው የሚቀልጠው በረዶ ጠብ፣ ጠብ
ይላል ቆርቆሮው ላይ።

መለኪያዬን ከኪሴ አውጥቼ
የጎማውን ጥርስ ለካሁ፣ ዓይኔን አሽቼ።
ሦስት ሚሊ ሜትር። ታይስቶ ልክ ነው።
«ለጎማው ነው» አልኳት፣ «ይህንን የጻፈው።»
«እናስ ለማን ኖሯል?» ብላ አፈጠጠችኝ።
የአርባ ዓመት ጎሚስታ፣ መልስ ጠፋኝ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ የፊት የነበረው
ዘንድሮ ወደ ኋላ፤ የኋላው ወደ ፊት ነው፤
እኩል እንዲያልቁ። ይህንን ነገርኳት።
«የለም» አለች፤ «እሱ በጻፈበት።»

ደንቤን ዋጥኩ። ብሎኑን በየተራ አጠበቅኩ፣
አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ እያፈራረቅኩ።
ነፋስ ሞላሁ። በጨርቅ አቧራውን ስጠርግ፣ ነጩ ፊደል ጋ ስደርስ፣
እጄን ሰበሰብኩት፤ ይቅር፣ አይታበስ።

የወለቁት ደግሞ፣ ችንካር ያላቸው፣
ግድግዳው ሥር ናቸው፣ የመንገድ ጨው እንደያዛቸው።
ልማዴ ነውና ጠመኔ አነሳሁ፤
ቦታቸውን ልጽፍ ስል ሄልካን ረሳሁ።
እጄን ያዘች። «አምጣው።»
ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች፣ ጎማውን ደግፋ፤
እኔም ቆሜ አየሁ፣ አንድ በአንድ፣ እስክትጽፍ ለፍታ፣ ለፍታ።
ፊደሏ ክብ ነው፣ ወፍራም፣ እንጆሪ ጃም ስትሠራ
ብልቃጡ ላይ ዓመቱን እንደምትጽፈው፣ ሳትፈራ።
«ይሄኛው» አለች፣ «ስንት ክረምት ይቀረዋል?»
ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ፦ አሥራ አንድ ችንካር ወልቋል።
«ሁለት ይሆናል» አልኳት፣ «ምናልባትም አንድ።»
አሰበች። ውጭ የቆመ ሰው ክላክስ ነፋ፣ ሊሄድ።
ሳትቸኩል ጻፈች፦

«እናያለን።»

«መቶ ኪሎ ሜትር ነድተሽ ነይ፤ ብሎኑን እንደገና
አጠብቀዋለሁ» አልኳት። እሺ ብላ፣ ቀና
ብላ መሪውን ያዘች።

ጎማው ሲዞር የታይስቶ ቃል ተዘቀዘቀ፣
ቀና አለ፣ ተዘቀዘቀ፣
ከዚያ ፍጥነት ስትጨምር
አንድ ነጭ ክብ ብቻ ሆነ።
ችንካር የለውምና ድምፁ አይሰማም።

ድልድዩ ጋ ኩሬ አለ፤ ሰው ሁሉ ይረግጠዋል።
እሷ ዞራው አለፈች።