አራተኛዋ ካሜራ

የውሃ ፓምፓችን ተፈትቶ በሄደ በሦስተኛው ቀን
ፒያሳ ወረድኩኝ፣ ለደጄ ዐይን ልገዛ፣ ስንት እንደሚበቃ ሳልወስን።

"ስንት ሜጋ ላድርግልሽ?" አለኝ ኢምራን፣ ካርቶን ሲፈታ፤
በግ ሻጭ ላት እንደሚያስዳብስ ሌንሷን አስዳበሰኝ ላንዳፍታ።
"ይቺ በጨለማ ቀለም ትለያለች፤
ይቺ ደግሞ ታወራለች፤
ሌባው አጥር ሲዘል በቻይንኛ ትጮኻለች፣
ባይገባውም ይወርዳል።
ይቺኛዋ ባትሪ አላት፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ—"
መብራት ጠፋ።
ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ።
"ጉም ታያለች ወይ?" አልኩት፤ "የኛን ጉም፣ የሐምሌውን፣
ከጦሳ ሲወርድ በር የማያንኳኳውን፣
ገብቶ ሳሎን ቁጭ የሚለውን፣
የዘረጋሁትን እጅ ከክርኔ የሚወስደውን።"
ኢምራን አንገቱን አከከ።
"እሱንስ እትዬ አልዋሽሽም፤ ነጭ ነው የምታሳይሽ፤
ነጭ በነጭ።"
ስላልዋሸኝ አራት ገዛሁት።

አንዷ ለበሩ ሆነች፣ ክርክር የለውም።
አንዷ ለጓሮ፣ በገደሉ በኩል፣ ከጅብ በቀር ማንም በማይመጣበት፤
ልጄ ከኮምቦልቻ ደውሎ "ሌባ ባልጠረጠርሽው ነው" ስላለኝ፣ እሱን ለማስደሰት።
ሦስተኛዋን አጥሩ ላይ ሰቅለን ስልኬን ብከፍት
የሐዋ ልብስ ማስጫ፣ የሐዋ በረንዳ፣
የሐዋ ልጅ ፀጉሯን ፀሐይ ላይ ስታደርቅ፣
እኔም ሌባ ሆኜ ቁጭ!
"አዙራት!" አልኩት ሰቃዩን። "በዚያች ሽንቁር
ሠላሳ ዓመት ባንድ ሳህን ተላልከናል፤
ሳህኑ የማን እንደሆነ ጠፍቶናል፤
አሁን ካሜራ ገብቶ አያጣራው።"
ወደ መሬት ደፋት። ዛሬ የምታየው የዶሮዎቼን እግር ነው፤
ጥራቱ ግሩም ነው።

ጋሼ ሙሄ ከሥር ቆሞ ያያል፣ ዱላውን ተደግፎ።
ሃያ ሁለት ዓመት በሬን ጠብቆታል፤
ግራ ዐይኑን ሞራ ቀስ ብሎ ጋርዶታል፤
ግን ጉም ሲወርድበት ሰው በሳሉ ያውቃል፤
"ይቺ ሽንኩርቷ ናት፣ ይኼ የፖስታ ቤት፣
ይኼ ግን ባዳ ነው፤ ጫማው አልለመደም የኛን ኮረት።"
ፓምፑ በጠፋ ሌሊት ግን ድምፁ አልተሰማም።
እኔም ምን ሆነህ ነው አላልኩትም፤ ፒያሳ ነው የሄድኩት።

"አንተን ለማገዝ ነው" የሚል ቃል አፌ ውስጥ ነበረኝ፣
እንደ ከረሜላ ከወዲያ ወዲህ የማገላብጠው።
እሱ ቀደመኝ።
"አራተኛዋስ?"
"ለመንገዱ ትሁን ይላል።"
"መንገዱ የሚያየው ሞልቷል። ወደኔ አዙሪያት።"
"ወዳንተ?"
"ወደ ጎጆዬ በር። ያን ሌሊት አጥወልውሎኝ ወደቅሁ፤
ብሎኑን ሲፈቱት እሰማለሁ፣ ድምፅ ግን አልወጣ አለኝ፤
እስከ ረፋድ መሬት ላይ ነበርኩ።
ለሱብሂ ሳልወጣ ብቀር አንድ ሰው ይወቅ፣ እትዬ ደብሪቱ፤
ለሌላው አይደለም፣ በሩን የሚከፍት እንዳይጠፋ ብዬ ነው።"
ሰቃዩ መሰላሉ ላይ ሆኖ እኔን አየኝ።
እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አሁን ክረምት ነው። ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ትራሴ ሥር ይርገበገባል።
እከፍተዋለሁ፤ ነጭ። ነጭ በነጭ።
እጠብቃለሁ።
ከነጩ ውስጥ አንድ ሳል ይመጣል፤
የውዱእ ውሃ ሲንቆረቆር፣ ዱላ ኮረቱን ሲነካ።
"ታወራለች" የተባለችው ይቺው ናት፤ ጫን እላታለሁ፤
"ደኅና አደርክ ጋሼ ሙሄ?"
ግድግዳ ሲያናግረው አሁንም ይደነግጣል መሰለኝ፤
ቆይቶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣
"አብሽሪ፣ አለሁ" ይላል።

ፓምፑ አልተገኘም።
አዲሱን ከሰኞ ገበያ ገዛሁት፣ በርካሽ፤
ጎኑ ላይ ጭረት አለው፣ ልክ እንደ አሮጌያችን።
ሻጩን አልጠየቅሁትም።