የጥላዬ ዓይን

ነጩን ነጭ አልቀባም፤ ስቼ ተምሬያለሁ፤
ለጣርማበሩ ጉም አመድ እቀባለሁ።
ሸዋሮቢት ቀትር ነጩ ቅቤ መስሎ
ብሌኑ ይጠባል የኑግ ፍሬ አክሎ።

ጥላዬ በፎቶው መሪ እንደጨበጠ
ሳጎላው ዓይኑ ላይ ብልጭታ አፈጠጠ፤
ለካስ የዋሻው አፍ፣ የጨረቃ ግማሽ።
ትርንጎ ልጁ ግን፦ «ቤት አግቢው እባክሽ፤
መንገድ ይበቃዋል።»

መብራት የለም ዛሬ ደብረ ብርሃን ሁሉ፤
ዘጠኝ በመቶ ነው የታብሌቴ ኃይሉ።
ዋሻውን አጥፍቼ መስኮቷን ሳልሁበት፣
ከሰሊጥ ያነሰ ባለ አራት ጠርዝ ቤት።

የሽፋሽፍቱ ስር
እንዲበራ ብዬ ጥላውን ባነሳው፣
ዓይኑ ዶቃ ሆነ፤ ማየቱን ረሳው።
ደንግጬ መለስሁት፣
ጥላዬን።