ሃምሳ ግራም

ከኮስታናይ ወዲያ፣ ባቡር ከሚቆምበት፣
ጎተራው ይታያል፣ ሰማይ ተደግፎበት።
መኪናው ተሰልፏል፤ ሾፌር ሱፍ ይቆረጥማል፤
ነፋሱ እብቁን ይዞ ዐይን ውስጥ ይገባል።

ሥራዬ መውጋት ነው። ክፍት ሆዱን ዘንግ ይዤ፣
በጭነቱ አናት ላይ በጉልበቴ ተጉዤ፣
ከመሀል፣ ከጥጋጥግ፣ ከታች ከወለሉ፤
ላይ ላዩን ከታየማ ንጹሕ ናቸው ሁሉ።

የዛውሬ ጠረጴዛ መስኮት ሥር ነው ያለው፤
የሦስት ወንፊት ቁልል፣ ሚዛን መስታወት ያጠረው፣
መንጠቂያ፣ ነጭ ሳህን፣ መነጽሯ በክር፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት እህል ስትመረምር።
(ምሳዋን ስትበላ እንኳ
ሩዙን በማንኪያ ጫፍ ትለቅማለች።)

ሃያ ቶን ይመጣል፤ ሃምሳ ግራም ይመሰክራል፤
እፍኝ የማትሞላ ለክምሩ ትናገራለች።

ገለባው ከላይ ቀረ፤ አቧራው ወረደ፤
የመሀሉ ስንዴ በጣቷ ፊት ሄደ፦
ሲናር ለብቻው፣ ጸጉራሙ፣ እግረ ረጅም፤
አሜኬላ፣ ጠጠር። የተሰበረው ግን ግርድ አይባልም፤
«እሱ ስንዴ ነው» ትላለች፣ «ቢጎዳም፣ ቢያንስም።»

ከዚያ ቁልፍ ወጣ።
የጃኬት። የናስ። ባለ አራት ቀዳዳ፣
ክር የተንጠለጠለበት፣ በአጨዳ የከዳ።
ዛውሬ በመንጠቂያ ከግርዱ ጋር ጣለችው፤
ሚዛኑ ሲረጋ ቁጥሩን ጻፈችው፦
ሁለት ነጥብ ስምንት። ወሰኑ ሁለት ነው።

«ቁልፍ ደግሞ አረም ነው? መቼ ዘራሁት?» አለ፣
ሰርሴንጋሊ በመስኮት እየተንጠለጠለ።
«እሱን አውጪው በቃ። ያለ እሱ ንጹሕ ነኝ።»
ንጹሕ ነኝ ማለቱ እኔን ፈገግ አሰኘኝ።
እሷ አልሳቀችም።
«ወርቅ ቢሆን እንኳ፣ ስንዴ ካልሆነ ግርድ ነው፤
ይደገም ካልክ ግን ይደገም፤ መብትህ ነው።»

ደግሜ ወጣሁ። ወጋሁ። መዳፌ ተላጠ።
ሌላ ሃምሳ ግራም ሳህኑ ላይ ተቀመጠ።
ቁልፍ የለም። ጠጠር የለም።
ሲናር ብቻ፤ ሲናር፣ ከሲናር ላይ ሲናር፣
ከማሳው ጥግ ሆኖ ሲጠብቀን የነበር።

«ሦስት» አለች ዛውሬ። «ሦስት ነጥብ ዜሮ።»

ሰርሴንጋሊ ዝም አለ። የሱፉን ልጣጭ ተፋ፤
በነፋስ የሚከፈት ጃኬቱን በእጁ አቀፈ።
«ቁልፉ ይሻለኝ ነበር» አለና ሳቀ ድንገት፤
ከኋላው ያሉት ሾፌሮች ሳይገባቸው ሳቁለት።

ዛውሬ ማኅተም መታች፤ ደረሰኙን ገፋችለት፤
ነፋስ እንዳይወስደው
ቁልፉን ጫነችበት።