ከኋላ

ልጃችን ራሚሮ ከደቡብ ደወለ፤
«ልጅ ወለድኩ፣ ኑና እዩት» አለ።
ከካቺ እስከ ኮሞዶሮ፣ ከበርበሬው ሸለቆ እስከ ነዳጁ አገር፣
ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ከነምናምኑ፣ ነፋሱ ሳይቆጠር።

ባሌ ኤቫሪስቶ ግቢው ላይ ተንበርክኮ፣ ካርታውን ዘርግቶ፣
ጎማ ቀየረ፣ ዘይት ቀየረ፣ ሰንሰለቱን ቀብቶ፣
ፍሬኑን ፈትሾ፣ መብራቱን አብርቶ፣
«በቃ፣ ሁሉም ሞላ» አለኝ፣
ከኋላ የምቀመጠውን እኔን ረስቶ።

ያንን የኋላ ወንበር አውቀዋለሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ተፈናጥጬበታለሁ።
ስፖንጁ እንደ ከረመ ቂጣ የደረቀ፣
ጠርዙ ከጭኔ ጋር በየጉዞው የተናነቀ፣
ወደ ፊት ያዘመመ፣ የሚያዳልጥ እንደ ሳሙና፤
ፍሬን በያዘ ቁጥር ጀርባው ላይ ልጥፍ ነኝና
«ፍቅር ነው» ይላል፤
ቁልቁለት ነው እንጂ፣ ምን ፍቅር አለና!

መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ዳሌዬ ይደነዝዛል፣
መቶ ሃምሳው ላይ የጭራ አጥንቴ የአማቴን ስም ይጠራል፣
ሁለት መቶው ላይ ዝም እላለሁ፤
እሱ ዝምታዬን ለደስታ ይቆጥረዋል።

ሳልታ ወረድን። ሱቁ ሙሉ ወንበር፣
ጄል የሞላው፣ አየር የሚነፋ፣ የበግ ለምድ የደረበ፤
ሻጩ ጎረምሳ ቅቤ አንጓች ነው፣
«ይሄኛው ደመና ነው፣ እመቤቴ» አለኝ እየቀረበ።
ተቀመጥኩበት፤
ደመናው አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ዘነበ፣
አጥንቴ ወርዶ ከታች ብረቱን አነበበ።

ከገበያው ጀርባ ዶን ቴዎፊሎ አለ፣ ኮርቻ ሰፊ፤
ፈረሰኛው ሲያልቅበት ወደ ሞተር የዞረ፣
መርፌ በከንፈሩ ነክሶ መናገርን የተማረ።
ተቀመጡም አላለን፤
ባሌ ላይ አንድ ጥያቄ ወረወረ፦
«ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?»
ኤቫሪስቶ ዞሮ አየኝ፤
ቁልፉን ቤት የረሳ ሰው ዓይን ነበረ።

«ለስላሳው ለሱቅ ነው» አለ ሽማግሌው፣ «ጠንከር ያለው ለመንገድ፤
አጥንት ሰፊ ማረፊያ ይሻል እንጂ የሚሰምጥበት ጉድጓድ!
ለፈረስ መስፋት ቀላል ነበር፤ ጀርባው ሲላጥ ይራገጣል፤
ሚስት ግን ጨዋ ናት፤ ሥራዬን ያከብድብኛል።»

ከዚያ እሱን ከኋላ፣ እኔን ከፊት አስቀመጠ።
ባሌ ሳቀ፤ ሽማግሌው ጥርሱን አልገለጠ።
ራሚሮን ካረገዝኩ ወዲህ መሪ ያልነካ እጄ
ነዳጅ ሲሰጥ አልተንቀጠቀጠ።
በኮረኮንቹ እስከ ወንዙ ድልድይ፣ ደርሶ መልስ፣
አንድም ጉድጓድ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከጎማዬ አላመለጠ።
መንገድ ሊያይ አንገቱን ቢያሰግግ የራስ ቁሬ ጋረደው፤
መጀመሪያ ቀልድ መጣ፣ ከዚያ ማቃሰት፣ ከዚያ ዝም።
ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ፤
ደስታ አይደለችም።

ወረደ። ወገቡን ይዞ «ኔሊዳ» አለኝ፤
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቴዎፊሎ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጦኝ የአጥንቴን ዱካ ለካ፤
ግራዬ ከቀኜ ጠልቆ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት አዘንብዬ ኖሬያለሁ ለካ!
የሱን ሁለት ጣት ዝቅ፣ የኔን አንድ ስንዝር ሰፋ፣
እንዳልንሸራተት መሀል ላይ እርከን ሠራ፣
ዝናብ እንዳይገባ ስፌቱን ወደ ዳር ገፋ።
ዋጋው የአንድ ወር ጡረታ።
ቲማቲም ሲገዛ ሻጭ የሚያስለቅስ ሰው
ሳይከራከር ከፈለ።

ካፋያቴን አልፈን፣ ሁለት መቶው ላይ፣
አመመኝ? አመመኝ፣ አልዋሽም፤
ግን እንደ ጨዋ እንግዳ አንኳኩቶ ነው የገባው።
እኔ ምንም አላልኩም፤ እሱ ግን ቆመ፣
ፀሐይ እንዳያግለው ወንበሬ ላይ ጃኬቱን ጣል አደረገ፣
ቁልፉን ዘረጋልኝ፦ «የፊቱን ትፈልጊያለሽ?»
ከማቴው ፉት አልኩና አሰብኩበት።
«ነፋሱ እስኪያልፍ አንተ ንዳ» አልኩት፣
«እኔ ገና አሁን ነው የተቀመጥኩት።»