ያልጸደቀ ረድፍ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ሴቬሪኖ ነው፦
«ኡሺያ፣ ጨረታው ቆመ! ሰርቨሩን ምን ነካው?
በረዶው እየቀለጠ፣ ዓሣው እየጠበቀ፣
አንድ ዋጋ ለመመዝገብ ስንት ደቂቃ አለቀ!»

በሌሊት ልብሴ ላይ ካፖርት ደርቤ፣
ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላፕቶፔን ስቤ፣
ከመስኮቴ ማዶ የቡሬላ ወደብ፣
ግማሹ መብራት ነው፣ ግማሹ ዝናብ።

ባለፈው ጥቅምት ላይ እንዲህ ሲንቀራፈፍ፣
አለቆች ወሰኑ፦ «ገንዘብ ካለ ይርገፍ!»
ሚሞሪው እጥፍ ሆነ፣ ዲስኩም ተቀየረ፣
ሻጩ ስቆ ሄደ፣ ችግሩ ግን ቀረ።
ቁልፍ ለጠፋው ሰው ቤት ይገዛል እንዴ?
ብዬ ነበር ያኔ፤ ያውም በሆዴ።

ፕሮሰሰሩን አየሁ፤ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ጋደም ብሏል፣
ዲስኩም ሥራ ፈት ነው፣ እጁን አጣጥፏል።
በሽተኛው አላተኮሰው፣ ልቡም አልደከመ፤
ታዲያ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ይዞት ነው የቆመ?

ከዚህ ወዲያ ያለኝ ጥያቄ ነው አንድ፦
ማን ማንን ይጠብቃል በዚህ ሁሉ መንገድ?

ዝርዝሩ ወረደ፦
ገዢው ሚዛኑን ይጠብቃል፣
ሚዛኑ ደረሰኙን፣
ደረሰኙ የጀልባዎችን መዝገብ፣
መዝገቡ አንዲት ረድፍ፣
ረድፏን ቆልፎ የያዘው
ተርሚናል አስራ አንድ።
መቶ አርባ ሰባት ጥያቄ ከኋላው ተሰልፎ፣
አንዱ ባንዱ ጀርባ ላይ ጉንጩን አሳርፎ።

የመጨረሻ ቃሉን አወጣሁ።
የጀልባ ስም፦ ማሩሻ።
ሁኔታ፦ ተሰርዛለች።
የተጻፈው በዘጠኝ ከሃያ።
ከዚያ ወዲያ ዝም።
አላጸደቀም። አልተወም።

ማሩሻን አውቃታለሁ። እዚህ የማያውቃት የለም።
ጥር ላይ ወጥታ፣ ሦስት ሰው በሌላ መርከብ ተመለሰ።
አራተኛው የአማሮ ታናሽ ወንድም ነበረ።
አማሮ ሚዛን መዝጋቢ ነው፣
ወንበሩ ተርሚናል አስራ አንድ።
ከኢንሹራንስ ደብዳቤ መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፣
መዝገቡ እስከ ወር መጨረሻ ይጽዳ የሚል።

«ሴቬሪኖ፣ አስራ አንድ ላይ ማን አለ?»
«ማንም። ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ነው።
እሱ ውጭ ቆሟል፣ ሊያጨስ የወጣ መስሎኝ ነበር።»
ትንሽ ዝም አለ።
«አማሮ ግን አያጨስም።»

ልጠብቀው? ሰርዲን አይጠብቅም።
ስልኩ ውስጥ የገዢዎች ጩኸት ይሰማኛል፣
ከሉጎ የመጣው መኪና ሞተሩን አስነስቷል።
የትዕዛዙ ስም «ግደል» ነው።
ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤
ሌሊት ወደብ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ጻፍኩት። ጣቴ አስገባ ላይ ትንሽ ቆየ፣
ትንሽ ብቻ፤ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ
ጣቴ እንዳይቆይ ነው።

ዳታቤዝ ሕጉ ጽኑ ነው፣ ይሉኝታም አያውቅ፣
እንዳልተባለ ይቆጥራል ቃል ካልጸደቀ።
የተነካውን ሁሉ ወደ ነበረበት መለሰ፣
የአርባ ደቂቃው ዝምታ በሰከንድ ፈረሰ።
ማሩሻም ረድፏ ላይ ተመልሳ ገባች።
ሁኔታ፦ ባሕር ላይ።

መቶ አርባ ሰባቱ ባንድ ትንፋሽ ፈሰሱ፣
ዋጋዎች ተጠሩ፣ ሣጥኖች ተነሱ።
ሴቬሪኖ ስልኩን ዘጋ፣ ደህና ደሪም ሳይለኝ፤
ስትድን የሚረሳህ በሽተኛ ብቻ መሰለኝ?

ቀርቷል የጠዋት ሪፖርት።
ምክንያት፦ ክፍት የተተወ ግብይት።
መፍትሔ፦ ሥራ ፈቶ ረድፍ የሚይዝ ሁሉ
ከዚህ ደቂቃ በኋላ በራሱ ይቆረጥ።
ከየትኛው ደቂቃ?
አምስት ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት።
አስራ አምስት። አጠፋሁት።
ሰው አንድ ስም ለመሰረዝ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው
መመሪያው ውስጥ ፈለግኩ፣
ስምንት መቶ ገጽ ነው፣
የለም።

ሠላሳ ብዬ ጻፍኩና
መብራቱን አጠፋሁ።