ጣት ቆጠራ

በደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳ አይደለም፤
ገብቶ ይቀመጣል፤ ማንኳኳት የለም።
ቀን ሙሉ ስሸምን ብርድ ልብስ በፋብሪካ፣
ለራሴ የገዛሁት እግሬን እንኳ አይነካ።

ከትራሴ በታች አንድ ደብተር አለች፣
ባለ ሃያ ሉክ፣ ጥጓ የታጠፈች።
እስክሪብቶዬ በውርጭ አልጽፍም ስለሚል፣
ብብቴ ውስጥ ያድራል፣ እንቁላል ይመስል።

የፈለግሁት ነገር ሲነገር ያንሳል፦
ተኝቶ ያለ ሰው “ተኝቻለሁ” ይላል፤
ይላል፣ ግን አይነቃም፤ ቆሞ ያያል።

ጀማሪ ነኝ ገና። የመጀመሪያው ወር
ደብተሬ ላይ ያለው ይኼ ብቻ ነበር፦
“በግ። ውሃ። ረሳሁት።”
“ደረጃ። ማን ነበር ከላይ? ረሳሁት።”
“ምንም።”
“ምንም። ብርድ።”

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ይጮህና፣
ቁጭ ብዬ እላለሁ፣ ጥርሴ ሲማታ ገና፦
“አሁን እተኛለሁ፤ ሳልም አውቃለሁ፤
አሁን እተኛለሁ፤ ሳልም አውቃለሁ።”
ስል ስል ይነጋል። ሳልተኛ ተነሣሁ።

አከራዬ እትዬ ጌጤነሽ ጠሩኝ በበነጋው፤
“ዳዊት ነው የምትደግም ወይስ ሌላ ነገር ነው?”
“ሕልም እየተማርሁ ነው” ብላቸው፣ ደንግጠው፣
“ሕልም እንደ ፈቺው ነው” አሉኝ፤ “ተማሪ የለው።”

ቀን ደግሞ ሥራ አለኝ። በሄድሁበት ሁሉ
ጣቴን እቆጥራለሁ፦ አምስት ናቸው፣ ሙሉ?
ምክንያቱም በሕልም ጣት አይታመንም፤
ስድስት ይሆናል፣ አንዳንዴም አይኖርም።
የበሬሳን ድልድይ ስሻገር ቆጠርሁ፤
ባጃጅ ላይ ቆጠርሁ፤ ቀብር ላይ ቆጠርሁ።
አምስት። አምስት። አምስት።
ነቅቻለሁ፤ አወቅሁ።

በፋብሪካ ግን ጣት መቁጠር ሌላ ነው፤
ማሽኑ ሲቆም ነው ሰው ጣቱን የሚያየው።
ጋሽ ደምሰው፣ አለቃዬ፣ ስቆጥር አዩና ሳቁ፤
“አሁንም አሉ?” አሉኝ፤ የራሳቸውን ደበቁ።
በግራ እጃቸው ላይ አራት ነው ያለው፤
ከትንሿ ቀጥሎ የነበረውን ማሽን በላው።

መስከረም አለቀ፤ ጥቅምት ገባ፤ ኅዳር፤
ሣሩን አመዳይ እንደ ጨው ነሰነሰው ዳር ዳር።
ደብተሬ ወፈረች፦ ሁለት መስመር፣ ሦስት፤
አንዴ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ስለ አንዲት ድመት።
አንዴም፣ ነቃሁ ብዬ፣ ፊቴን ታጠብሁ፤ ሄድሁ፤
በር ላይ ካርዴን ሰጠሁ፤ ሥራዬን ጀመርሁ፤
ያ ሁሉ ሕልም ነው። ነቅቼ ረገምሁ፤
በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ እንደገና ታጠብሁ።

ከዚያ በአንድ ሌሊት፣ ሳልጠብቀው፣ ሆነ።
ማሽኑ ቆሟል፤ የሱፍ ብናኝ እንደ ጉም ተነነ።
ጋሽ ደምሰው መጡ የተበጠሰ ክር ሊቋጥሩ፤
እጃቸውን አየሁ። ጣቶቹን። ሲቆጠሩ
አምስት ናቸው።
አምስት።
የራሴን አላየሁም።
“ሕልም ነው” አልሁ በሆዴ፤ አልሁ፤ አልነቃሁም።

ስንት ወር ያቀድሁት ሌላ ነበር፦ ልበር፤
ከጣርማበር አፋፍ ጉሙን ልሻገር፤
ቁልቁል ሸዋ ሮቢት፣ ሙቀቱ ላይ ልረፍ።
ሁሉም ቀረ። ቆምሁ። በዚያ ጣት ሥር ክሩ ሲያልፍ፣
አምስቱም ሲሠሩ፣ ምንም እንዳልሆነ፣
እንዲቆይ እጄን ሳፋትግ ሁሉም ቀጠነ።
ብርዱ ፊቴን ነካኝ። ጨለማ። ቆርቆሮ።
አልጮኸም ነበረ ገና አንድም ዶሮ።

ጠዋት ነገርኋቸው፣ ሻይ ቤቱ በር ቆመን።
“እጅዎ ሙሉ ነበር።” ብርጭቆውን
አስቀመጡት። ቆዩ። መንገዱን አዩት።
“ቀለበቴስ?” አሉኝ። “አድርጌው ነበር ወይ?”

እሱን አላየሁም።

ዛሬ ማታ ደብተሬ ላይ፣ ገና ሳልተኛ፣ ጻፍሁ፦
“ግራ እጅ። ቀለበት። እይ።” ስልኩን ለዘጠኝ ሞላሁ።
እስክሪብቶው ብብቴ ውስጥ ነው።
ጣቴን ቆጠርሁ፦ አምስት።
ገና ነው።